የጭቃው ዘጠነኛ ሞት

ጭቃው ሲሞት በአዳራሹ ውስጥ ደስ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ሌላው ተመልካች ልቡ ተሰብሯል። ከኋላ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ የፈንዲሻ ከረጢቱን ደረቱ ላይ አቅፎ «ኧረ በእናታችሁ አትግደሉት!» ይላል። ማንን እንደሚለምን አይታወቅም። ፊልሙ ተሠርቶ ካለቀ ወራት አልፈዋል።

ጭቃው ማለት ከደረቀ ጉድጓድ የወጣ፣ አፍ የሌለው፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጭቃ የሆነ ፍጡር ነው። በመጀመሪያው ፊልም ጉድጓዱን የቆፈሩትን ሰዎች ጨረሰ። በሁለተኛው የቆፋሪዎቹን ዘመዶች ያዘ። በሦስተኛው ዘመድ ስላለቀበት ወደ ጎረቤት ዞረ። እያለ እያለ በሰባተኛው ሆቴል ገባ፤ በስምንተኛው መርከብ ላይ ወጣ፤ ጭቃ ባሕር ላይ እንዴት ሳይሟሟ ቆየ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። በየፊልሙ መጨረሻ ይገደላል። ተቃጥሏል፣ ተቀብሯል፣ ኮንክሪት ተሞልቶበት ሕንፃ ቆሞበታል። ከዚያ ሙዚቃው ጸጥ ይላል። ካሜራው ወደ ቀኝ እጁ ይጠጋል። የቀለበት ጣቱ ትንቀሳቀሳለች። አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ይናጋል፣ መብራት ይበራል፣ ሰውም ሁሉ ዘመድ ከሆስፒታል እንደወጣለት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ደስ ያላት ሴት ሚጡ ትባላለች። የቤት ስሟ ነው። በሥራ ቦታዋ ነጭ ጋዋን ለብሳ የደረቀ እጅና የተሰበረ ክንድ ስታፍታታ ትውላለች፤ በሽተኞቿ ሁሉ «ዶክተር» ይሏታል፤ እሷም «ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ማለት ሰልችቷት ትታዋለች። በዚያ እሁድ ከሰዓት፣ የዘጠነኛው ፊልም የመጀመሪያ ቀን፣ ጭቃው እሳት ውስጥ ወድቆ ሰውነቱ እንደ ሸክላ ሲሰነጣጠቅ እጆቿን አገጯ ሥር አጣምራ «ሙትልኝ የኔ ጌታ» አለች።

አጠገቧ የተቀመጠችው የሥራ ጓደኛዋ ሲስተር ዞር አለች። «ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ሙትልኝ ያልሽ መሰለኝ።»

«ፊልሙን እዪ።»

ሙት ማለቷ ከክፋት አይደለም። ከጭቃው ሥር ሰው አለ፤ ሰውየውን ትወደዋለች። የመጀመሪያው ፊልም ሲሠራ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ለጭቃው የተመረጠው ስም ያለው ተዋናይ ጉድጓዱን አጎንብሶ አየና «እዚህ ውስጥ ነው የምገባው?» ብሎ ጫማውን አጥልቆ ሄደ። ዳይሬክተሩ ዙሪያውን ሲመለከት አንድ ረጅም ጎረምሳ ሶፋ ተሸክሞ ሲያልፍ አየ። «አንተ፣ ሶፋውን አስቀምጠውና ና» አለው። ሶፋውን እስከ ዛሬ ተመልሶ አላነሣውም። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹም ሠፈሩም ጭቃው ይሉታል። ፊቱን ያየ ተመልካች ግን የለም።

ሚጡ ያገኘችው በጣቱ ነው። ሰባተኛው ላይ የሆቴሉ የሊፍት በር የቀለበት ጣቱን ያዘው። አጥንቱን የጠገኑት አባቷ ናቸው፤ ጡረታ ሳይወጡ ከሠሯቸው የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ ነው። ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ስለቀረ፣ «ከእንግዲህ እንደ እርሳስ ቀጥ ብላ ትኖራለች፤ አትታጠፍም» ብለው ወደ ልጃቸው ክፍል ላኩት። እሷም በየማክሰኞው እጁን እጇ ላይ አድርጋ ጣቱን ስታሻሽ፣ ስፖንጅ ስታስጨብጠው፣ ጣቱ ምንም ሳትለወጥ ሁለቱ ተለወጡ።

አባቷ ነገሩን የሰሙት እራት ላይ ነው።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

«ፊልም ይሠራል።»

«ምን ሆኖ?»

«ይሞታል።»

«ከዚያስ?»

«ይነሣል።»

አባቷ ሹካቸውን አስቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥንት ሲጠግኑ የኖሩ ሐኪም ናቸው፤ ሞቶ የተነሣ በሽተኛ ገጥሟቸው አያውቅም። «ሚጡ፣» አሉ፣ «ፊቱን ለሰው የማያሳይ ሰው፣ ነገ ልጆች ብትወልጂ አባታችሁ ይሄ ነው ብለሽ ምኑን ልታሳዪያቸው ነው? ያንን ነገር ከላዩ ላይ አውልቆ ይምጣ። ያኔ እናወራለን።»

ሚጡም ብትሆን የራሷ ፍርሃት ነበራት። በስምንተኛው ትከሻው ወልቆ መጥቷል። አንድ ቀን የሚመጣላት እጁ ሳይሆን አንገቱ ይሆናል ብላ ሌሊት ትባንናለች። ይህንን በሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ስትነግረው እሱ ቀጥ ያለች ጣቱን አየና «በዘጠነኛው የምር እሞታለሁ» አላት። «ነግሬያቸዋለሁ፤ ተስማምተዋል። የጣቷን ነገር አልሠራም። አልነሣም።»

«ማልልኝ።»

«ጣቴ ይቆረጥ።»

«የቱ?»

«ደህናው።»

እንግዲህ እሳቱ ጠፋ፣ ጭቃው አመድ ውስጥ ተጋደመ፣ የሠራተኞቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ሚጡ ሙሉ ትንፋሿን ለቀቀች። ቃሉን ጠብቋል። ሞቷል! ለአባቷ የምትነግርበትን ቃል እንኳን መምረጥ ጀምራ ነበር።

ሙዚቃው ጸጥ አለ።

ስሞቹ ቆሙ። ካሜራው አመዱን እየጠራረገ ወደ ቀኝ እጅ ተጠጋ። ሚጡ «አይደረግም» አለች፣ በለሆሳስ። ዓይኗ ሞላ፤ መጋረጃው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ውሃ ውስጥ የገባ መሰለ፤ በዚያ ውሃ ውስጥ የቀለበት ጣት ስትንቀሳቀስ አየች።

«ተነሣ!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ወፍራሙ ሰውዬ የማያውቀውን ጎረቤቱን አቅፎ ሳመ። ሰው ሁሉ በደስታ ሲያለቅስ፣ ሚጡም አብራ ታለቅሳለች፤ ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

ከአዳራሹ ውጪ፣ ከቲኬት መስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ኮሪደር ላይ፣ ጭቃው ራሱ ቆሟል። ፊልሙን የሚሠራው ድርጅት ደንብ ነው፤ ፊልሙ በሚታይበት ቅዳሜና እሁድ ሁሉ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ተለቅልቆ፣ ጭምብሉን አጥልቆ እዚያ ይቆማል፣ ሰው አጠገቡ ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል። አንድ ሕግ አለ። ጭምብሉ ፊቱ ላይ እስካለ ድረስ ቃል አይተነፍስም። ጭቃው አፍ የለውም።

ስለዚህ ፊልሙን አላየም። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ዓይኖቹ በሩን በሩን ሲያዩ ቆይተው ሚጡን ሲያገኟት ሳቁ። ቃሉን የጠበቀ ሰው ዓይን ነበር። ሚጡ ይህንን ሳቅ አይታ ይባስ ነደዳት።

ጠጋ አለችው።

«እንኳን ከሞት ተረፍክ» አለችው።

ዓይኖቹ ሳቃቸውን አቆሙ። ምንድን ነው ነገሩ? ብሎ መጠየቅ ፈለገ፤ አልቻለም። እጁን ዘረጋ፤ ጭቃው የቀሚሷን እጅጌ ነካው። እጅጌዋን አስለቅቃ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ጭቃው ሰልፈኞቹን ጥሎ ተከተላት።

እዚህ ላይ ሕዝቡን መውቀስ አይቻልም። ጭቃ የተለቀለቀ ጭራቅ አንዲት የምታለቅስ ሴት ደረጃ ለደረጃ ሲያሳድድ ያየ ሰው ሁሉ የዝግጅቱ አካል መሰለው። ስልኮች ወጡ። ጭብጨባ ቀለጠ። «ሩጪ እህቴ! ሩጪ!» አለ አንዱ ከፎቅ ላይ፣ ከልቡ አዝኖላት። ሲስተር ቦርሳ ታቅፋ ከኋላ እየሮጠች «ኧረ ይሄ የምር ነው!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም።

ሚጡ ታክሲ ውስጥ ገባች። ጭቃው መንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ፤ ፀሐዩ ላዩ ላይ ያለውን ጭቃ ያደርቀው ጀመር። ከዓይኑ ቀዳዳ ሥር ግን አንዲት ቀጭን መስመር ሳትደርቅ ቀረች።

* * *

መልእክቱ የደረሳት ማታውኑ ነው። ዘጠኝ ፊልም ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር የኖረ ሰው ነውና ማብራራት አይችልበትም። የጻፈው ይህንን ብቻ ነው፦ «ያቺ ጣት የእኔ አይደለችም።»

ሰኞ ጠዋት ለሲስተር አሳየቻት። ሲስተር ሁለቴ አነበበችውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ወንድ ልጅ ብዙ ነገር ሲክድ ሰምቻለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እህቴ ናት ያለኝ አለ። ስልኩ የጓደኛዬ ነው ያለኝ አለ። ጣቱን የካደ ግን የመጀመሪያዬ ነው!»

«አያስቅም ሲስተር።»

«አውቃለሁ የኔ ቆንጆ። ይቅርታ። ግን እኮ ጣቱን!»

ሚጡ አልመለሰችለትም። ቢዋሽ አንድ ነገር ነው። ሰውን እንደ ሞኝ ቆጥሮ እንዲህ ያለ ውሸት መላክ ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ቀጠሮው ነበር፤ ስሙን ከራሷ ተራ አውጥታ ለባልደረባዋ ሰጠችው። ባልደረባዋን በሽተኞች «ብሎን ፈቺው» ይሉታል። ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ከእሱ ክፍል የሚሰማው ጩኸት ግን ከዘጠኙም ፊልሞች ይበልጣል።

ጭቃው መጣ። ያለ ጭቃ ነው፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። በሯ ተዘግቶ ሲያገኘው በመሃሉ ባለችው ትንሽ መስታወት አያት። ሚጡ ያንዲትን አሮጊት አንጓ እያሸች ነበር። ዓይናቸው ተገናኘ። እሱ ቀኝ እጁን አነሣና መስታወቱ ላይ በመዳፉ አስደገፈው፤ አራቱ ጣቶች ዘና ብለው፣ አምስተኛዋ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ። እሷ ፊቷን አዞረች።

«ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አሏት አሮጊቷ። «እጄን እኮ ጠመዘዝሽው።»

«ይቅርታ እማማ።»

ብሎን ፈቺው በሩን ዘጋ። ሚጡ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ከዚያ ክፍል ሳይጮህ የወጣ ሰው የለም። ያን ቀን ግን ምንም አልተሰማም። ዝምታው ከጩኸት ይልቅ አንጀቷን በላው።

* * *

ሐሙስ ቀኑ እኩል ሲሆን ራሷን አሟት ወደ ቤት ተመለሰች። በሩን ስትከፍት ከሳሎን የሴት ኡኡታ ሰማች። ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች።

አባቷ ሶፋ ላይ ናቸው። የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገዋል፣ ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጭቃው አንድ ቤተሰብ ከምድር ቤት እየጎተተ ያወጣል።

«አባዬ!»

አባቷ ማጥፊያውን ፈለጉ፤ በብርድ ልብሱ ሥር ተቀምጠውበት ነበር። እስኪያገኙት ድረስ ቤተሰቡ አለቀ።

«ሰውየውን ላጠናው ብዬ ነው» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«አራተኛው ነው እኮ ይሄ። ስንቱን አየህ?»

«ያሉትን።»

«ስምንቱንም?»

«አምስተኛውን ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉ። «ብዙ ስሕተት አለበት። አከርካሪው ለሁለት የተከፈለ ሰው ደረጃ አይወጣም። ያቺ ነርስም መርፌውን የያዘችው እንደ ሹካ ነው። ግን ሚጡ፣ ልጁ ይሠራል። ሌሎቹ ይጮኻሉ እንጂ አይሠሩም። እሱ ፊቱ ሳይታይ ሲያዝን ይታወቃል። በሦስተኛው፣ ያቺ ሕፃን በሩን ዘግታበት ስትሄድ፣ በጀርባው እንዴት እንደቆመ አይተሻል?»

ሚጡ ተቀመጠች። ይሄ ሁሉ ምስጋና ባለፈው ሳምንት ቢመጣ ኖሮ ትዘልል ነበር።

«ተወው አባዬ። አልቋል። ዋሸኝ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፣ መሐላውን፣ አመዱን፣ ጣቷን፣ መልእክቱን። አባቷ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ በሽተኛ ክፍል ውስጥ በሚናገሩበት ድምፅ ጠየቋት።

«የትኛዋ ጣት?»

«የቀኝ እጁ፣ የቀለበት።»

«ያቺ የእኔዋ?»

«ያቺ ያንተዋ።»

«ተንቀሳቀሰች ነው የምትዪው፣ ወይስ ታጠፈች?»

«ምን ልዩነት አለው አባዬ፣ ዞሮ ዞሮ...»

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

«ለአንቺ ነው እንዴ ልዩነቱን የማስረዳው?» አሉ አባቷ። «በስምንተኛው አይቻታለሁ። ከሥሯ ተነሣች፤ እንደ እርሳስ ቀጥ ብላ ተነሥታ ወደቀች። ሥራዬን አውቀዋለሁ። በዘጠነኛውስ?»

ሚጡ ዓይኗን ጨፈነች። አዳራሹን አየች፣ አመዱን አየች። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ነው።

«አላየሁም» አለች። «እያለቀስኩ ነበር።»

«እያለቀሱ ምርመራ የለም» አሉ አባቷ፣ ግን እጃቸው ትከሻዋ ላይ ነበር። እሷ ደግሞ በመስታወቱ ላይ የተደገፈውን መዳፍ አስታወሰች። ያኔ ሰላምታ የሰጣት መስሏት ነበር። አሁን ግን ያንን እጅ ለምን እንዳሳያት እየገባት ሲመጣ፣ ትክክል ብትሆን እንደምትደሰት፣ ትክክል ብትሆን ባደረገችው ደግሞ እንደምታፍር ገባት።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት አባትና ልጅ ሲኒማ ገቡ። አባቷ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገዋል። «የመጣሁት ለምርመራ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። በጎን በር ስለገቡ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን ጭቃው አላዩትም። መቀመጫቸው ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ፊት ለፊት ሆነ፤ ፈንዲሻ ታቅፏል።

አባቷ ምርመራቸውን ረስተው ሁለት ጊዜ ከመቀመጫቸው ዘለሉ። በአንደኛው የሚጡን ክንድ ጨመደዱ። ሚጡ ግን ፊልሙን ልብ አላለችውም፤ የምትጠብቀው መጨረሻዋን ብቻ ነው። እሳቱ መጣ። ጭቃው ወደቀ። ስሞቹ ወጡ፣ ሙዚቃው ጸጥ አለ። ዓይኗን በመሐረብ ጠርጋ፣ እንደ ባለሙያ ከፈተችው።

ካሜራው ተጠጋ። እጁ በጭቃ ተለቅልቋል፤ እጅ ነው፣ ማንም ቢያየው የእሱ ነው ይላል። ጣቷ ከአመዱ ተነሣች። ከዚያ በመካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ ቀስ ብላ፣ ያለ ምንም ችግር፣ እንደ መንጠቆ ታጠፈች።

ካለፈው በቀር ሚጡ የዚያን ሰው ጣት ያላሻሸችበት ማክሰኞ አልነበረም። ያቺ መገጣጠሚያ ለልመናም ጣት ለሚነከርበት ሙቅ ሰምም ለስፖንጅም እምቢ ያለች ናት። ይህቺ ግን የሌላ ሰው፣ ጤነኛ፣ ታምማ የማታውቅ ጣት ናት። እሱ አንዲት ሐሰት አልተናገረም። ያውም በሰው ልጅ ቋንቋ ሊጻፍ ከሚችለው ሁሉ አጭሩን እውነት ልኮላታል።

ከጎኗ አባቷ ቆመዋል።

«ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም!» አሉ።

አዳራሹ ገና «ተነሣ!» ሊል አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ጣቷን የሠራኋት እኔ ነኝ! እንዲህ አትታጠፍም! ማታለል ነው ይሄ!»

«አባባ ይቀመጡ!» አለ አንዱ።

«ጣት ሠሪ ነኝ ይላሉ እኮ» አለች ሌላዋ።

ወፍራሙ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ በርኅራኄ ትከሻቸውን ነካ። «እኔም መጀመሪያ ቀን እንዲሁ ሆኜ ነበር አባባ» አላቸው። «ሁለተኛ ሲያዩት ይለመዳል።»

ሚጡ ሁሉንም አልሰማችም። በሰዎች ጉልበትና በወንበሮች መካከል እየተሹለከለከች ወደ በሩ ትሄድ ነበር፤ ልቧ ከእሷ ቀድሞ ወጥቷል።

* * *

ሰልፉ ረጅም ነው። ሚጡ በጎን ልታልፍ ብትሞክር ፎቶ አንሺው «ሰልፍ አለ እህት!» ብሎ መለሳት። ቆመች። ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ከጭቃው ግራና ቀኝ ይቆማል፣ ይነሣል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። ጭቃው አይንቀሳቀስም። ከሩቅ ስታየው አባቷ ያሉት ገባት፤ ሰው በትከሻው ብቻ እንዲህ ማዘን ይችላል።

ተራዋ ደረሰ። አጠገቡ መቆሙን ትታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከቀዳዳዎቹ ውስጥ ሁለቱ ዓይኖች አዩዋት፤ ሊሸሹ ፈልገው መሸሻ አጡ።

ቀኝ እጁን ያዘች።

«እጁን አይንኩ እህት፣ ጭቃው ይበላሻል» አለ ፎቶ አንሺው።

«የእኔ እጅ ነው» አለችው ሳትዞር። ከዚያም ለጭቃው፣ በሹክሹክታ፦ «ያቺ ጣት ያንተ አይደለችም። አየኋት። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ጭቃው የተያዘውን እጁን አየ።

«አንድ ነገር በለኝ። ቢያንስ ስደበኝ።»

የጭቃው ደረት ከፍ ዝቅ አለ። ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል፤ ጭምብሉ ካለ ቃል የለም፣ በሰው ፊት ጭምብሉን ካወለቀ ደግሞ ሥራ የለም። ሚጡ እጁን ልትለቅለት ጀመረች። «ገባኝ» አለች። «ውጪ እጠብቅሃለሁ።»

እሱ ግራ እጁን አነሣ። አገጩ ሥር ያለውን ማሰሪያ ፈታ፣ ዘጠኝ ፊልም የተሸከመውን ፊት ከፊቱ ላይ ገፎ አወለቀው።

ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከጭምብሉ ሥር የወጣው ላብ ያጠመቀው፣ ግንባሩ ላይ የማሰሪያ መስመር ያለበት፣ ጢሙን ያልተላጨ፣ ለብዙ ቀን በቅጡ ያልተኛ ተራ ፊት ነው። በሰልፉ መሐል አንዲት ትንሽ ልጅ አየችውና አለቀሰች።

«እማዬ፣ ሰው ነው!»

«አወለቀው!» አለ ፎቶ አንሺው በስልኩ። «ኧረ አወለቀው ነው የምልህ! ፊቱን ነዋ፣ ሌላ ምን ያወልቃል!»

ጭቃው ለመናገር አፉን ሲከፍት ድምፁ የሻከረ ነበር። «ፊልሙን አላየሁትም ነበር» አላት። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ ለምኜ መጨረሻዋን አሳየኝ። የዳይሬክተሩ ጣት ናት። ጥፍሩ ያስታውቃል። ዘጠኝ ጊዜ ሞቼላቸው፣ ስነሣ እንኳን አላስፈቀዱኝም። የእነሱ አልገረመኝም። አንቺ ግን...» ጭምብሉን ቁልቁል አየ። «አንቺ ከሌላ ጣት የምትለዪኝ መስሎኝ ነበር።»

«እንደ ቴራፒስት ማየት ሲገባኝ እንደ ሴት አየሁ» አለች ሚጡ። «እወድሃለሁና ደህና አድርጌ አላይም። ከእንግዲህ ግን ሳልመረምር አላለቅስም።»

ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁና እንባው ጉንጩ ላይ ተገናኙ።

በዚህ መሐል አባቷ ሰልፉን ጠብቀው፣ ማንንም ሳይቀድሙ ደረሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጭቃው ደነገጠ፤ ጭምብሉን ከጀርባው ደበቀ።

«ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ... ከሰኞ ጀምሮ ሥራ የለኝም፤ ቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው።»

አባቷ ፊቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ፊት አለህ» አሉ። «ከዚያ እንጀምራለን። እጅህን አምጣ።»

ለሰላምታ መስሎት ዘረጋ። እሳቸው ግን አንጓውን ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩት። «እጠፋት።»

«አትታጠፍም ዶክተር። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

«እጠፋት አልኩህ።»

ጭቃው ሚጡን አያት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ፊቱን ጨምድዶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሞከረ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ በጣቷ መካከለኛ መገጣጠሚያ ላይ፣ የደረቀው ጭቃ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ውስጥ ቆዳ ታየ።

ሚጡ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በዓይኗ ለካችው፤ አሥር ዲግሪ ቢሆን ነው። በሥራ ቦታዋ እንዲህ ያለ ቁጥር ማንንም ከወንበር አያስነሣም።

«ማን ነው የሠራልህ?» አለችው። «ብሎን ፈቺው ነው?»

«እሱማ ሊነቅላት ነበር።» ወደ መሬት አየ። «ቀጠሮዬን ለሰው ሰጠሽው እንጂ ስፖንጁን አልወሰድሽብኝም። ጠዋትም ማታም ጨብጬዋለሁ። እዚህ ቆሜም፣ በጭቃው ሥር። ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።»

አባቷ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር። «ተሳስቻለሁ» አሉ። ሚጡ ከአባቷ አፍ ይህንን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። እሳቸውም ማለታቸው ራሳቸውን ስለደነቃቸው ቶሎ ወደ ሌላ ነገር ዞሩ። «እና አሥረኛውን ማን ሊሠራው ነው?»

«ሌላ ሰው ያገኛሉ ዶክተር። ከጭምብሉ ሥር ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም።»

«እናውቃለን እንጂ!» አሉ አባቷ ተቆጥተው። «የማይረባ ነገር ነው የሚሆነው። አላየውም።» ትንሽ አሰቡና «ካየሁትም አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ስሕተቱን እየነገርከኝ ነው» ብለው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ደረጃው ቀደሟቸው።

ሚጡ የጭቃውን እጅ ከአባቷ እጅ በወጣበት ተቀበለችው። ጭቃው መዳፏን፣ አንጓዋን፣ የጋዋኗን ያህል ነጭ የነበረውን የሸሚዟን እጅጌ አበላሸው፤ አላየችውም። ከበስተኋላቸው ፎቶ አንሺው ገና በስልክ ያስረዳል፣ ትንሿ ልጅ እናቷ ጉያ ገብታ በአንድ ዓይኗ ታያቸዋለች።

በደረጃው ግማሽ ላይ፣ ያቺ እምቢተኛ ጣት መዳፏ ውስጥ ደግማ ተንቀሳቀሰች። ሙዚቃ አልቆመም፣ ካሜራ አልተጠጋም። በዚህኛው ማንም አልጮኸም። ሚጡ ብቻ ቀስ ብላ መልሳ ጨበጠቻት።